ምን አውቅልህ

ዋንዛ ላይ ቀረጽኩት፣ ፊደል በፊደል፣
ስድስት ቀን ጎንብሼ፣ ጣቴ እስኪቆስል፤
ጥላሸቱን ቀባሁ፣ ወረቀት ደፋሁ፣
በማንኪያ ጀርባ አሸሁ፣
ገልጬ ሳይ ጠፋሁ፦

"ቡ" ክንዷን ወደ ግራ፣ "ኪ" እግሯን ወደ ግራ፣
መስመሩ በሙሉ ከኋላው ሲጣራ፤
"በ"፣ "ሰ" እና "ተ" ብቻ፣ ቀኝ ግራ የሌላቸው፣
እንደ ጨዋ ቆመዋል፣ ምንም ሳይመስላቸው።
ለካስ ጣውላው ላይ የቀና ቃል ሁሉ
ወረቀት ላይ ሲያርፍ ጠማማ ነው ውሉ።

መጽሐፏ ትንሽ ናት፣ ሃያ አራት ገጽ ብቻ፣
የብቸና ልጆች የእንቆቅልሽ ስልቻ፤
ስምንተኛ "ሐ" ክፍል ከየቤቱ ለቅመው፣
ወፍጮ ቤት ወረፋ፣ ገበያ ዳር ቆመው።
አንድ እሽግ ወረቀት፣ አንድ ቢላ፣ አንድ መርፌ፣
"እኔ አሳትመዋለሁ" አልኩ በገዛ አፌ።

ሰኔ ነው ደግሞ፤ ቀለሙ አይደርቅም፣
ገመድ ላይ ብሰቅለው ዝናብ ሰው አያውቅም፤
ያንዱ ገጽ ጥያቄ ያንዱን ጀርባ ነክቶ
ማርያም የሳመችው ጉንጭ መሰለ፣ ቀለም ጠጥቶ።
ሙጫውን፣ ከስንዴ ዱቄት ያማሰልኩትን፣
ቀባሁና አደረ፤
አይጥ ጀርባውን በልታ
ጥራዙ ሲነጋ እንደ ነዶ ተፈታ።

ደግሞ ጠርዙን ልከርክም ብዬ፣
ቢላዬን ስዬ፣
ማስመሪያ ደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ስስብ፣
ዳር ላይ "እናት" የሚል መልስ ነበር፤
"ት"ዋን ይዣት ሄድኩ።
"እና" ሆና ቀረች።
"እና..." ብላ
ጫፉ ላይ ቆማ
የቀረውን እንደምትጠብቅ።

አያ ምንይችል ዘንድ ይዤው ሄድኩ ፈርቼ፣
እንደ ሰረቅኩት ዕቃ ነጠላ ውስጥ ከትቼ።
ብራና ፍቆ አዳሪ፣ ደጓሽ፣ የዲማ ሰው፣
ፊደሉን እንደ ልጅ ፊት በጣት የሚዳስሰው።
አገላበጠው። አሸተተው። ሳቀ።
"እኛ ስንሳሳት ብራና ይፋቃል፣
ቆዳ ነው፤ ሞቶም እንኳ መታገሥ ያውቃል።
ያንቺ ወረቀት ግን ቂመኛ ነው፣
አንዴ ያየውን አይረሳው።"
ዝም አለና ደግሞ፣
"ሙጫው ላይ እሬት ጣይበት፣ አይጥ መራራ አትወድም፤
ክሩን ሰም አጥግቢው።
መከርከሙን ተዪው፣ ገጹ ዳር ይኑረው፣
አንባቢ አውራ ጣቱን የት ሊያሳርፍ ነው?"

ትምህርት ቤት ስመለስ ባንቺአየሁ ይዛዋለች፣
ያንኑ ጉደኛ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ።
"ቀን ይጠቀለላል፣ ሌሊት ይዘረጋል"፤
መልሱ "ቁርበት" ነበር፣ ሰው የሚተኛበት፤
እኔ ሉኩን አዛንፌ አጥፌ ብሰፋው
ፊት ለፊት ያረፈው "ደብዳቤ" ሆነበት።
ቀይ እስክሪብቶ መዝዤ ልሰርዝ ስጠጋ
መዳፏን ጣለችበት።
"ይተዉት ቲቸር፣ ይሄስ ልክ ነው" አለች፤
ከየት እንዳወቀች ልጠይቃት ስል
አንገቷን ሰበረች።
አልጠየቅኋትም።
እኔም ነበረችኝ አንዲት፣ ከቡሬ የመጣች፣
ቀን ጡቴ ሥር ታጥፋ፣
ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ጉልበቴ ላይ የምትዘረጋ፣
እጥፋቷ ላይ እስክትበጠስ ድረስ።

ሁለተኛውን በመስከረም ሠራሁ።
ፊደሉን በመስታወት እያየሁ፣ ገልብጬ፣
ሰሙን፣ እሬቱን፣ ሰፊውን ዳር፣ አንዱን ሳልረሳ።
"እናት"ም "ት"ዋን አገኘች።
"ደብዳቤ"ን ብቻ ካለችበት አልነቀነቅኳትም።

ቀይ ቆዳ አልብሼ ወሰድኩለት።
ጠርዙን በጣቱ ሄደበት፣
ክሩን ሳብ አርጎ ለቀቀው፣
ራሱን ነቀነቀ፣
ከፈተው፤
ገጹ ቁልቁል ተዘቅዝቋል።
ሽፋኑን ገልብጬ ነው የለበጥኩት።

እሱ ምንም አላለ።
ቀስ ብሎ አዞረውና፣
"እንቆቅልሽ" አለኝ።
"ምን አውቅልህ" አልኩት።